ሐኪሙ «ተራመድ» አለ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አልነገረውም

አባዬ ደም ግፊት እንዳለበት በታወቀ ጊዜ ሐኪሙ ከኪኒኑ ጋር አንድ ሌላ ነገር አዘዘለት። በቀን ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ። ወረቀቱ ላይ ጽፎ ከሥሩ አሰመረበት። ቤት እንደገባን አባዬ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ «እሺ፣ ተራመድ አለኝ። የት ልሂድ?» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ ግን የምሩን ነበር።

«የትም መሄድ የለብህም አባዬ። ዝም ብለህ ሰፈሩን ትዞራለህ።»

«ዝም ብሎ ሰፈር የሚዞር ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ጤና የለውም።»

ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል። እግሩ ግን ከሳሎን እስከ በረንዳ፣ ከበረንዳ እስከ ሳሎን ነው። እኔን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከቢሮ መስኮት ሰው ሲራመድ ባየሁ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ የት እየሄደ ይሆን?» ማለት ጀመርኩ። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ድሬዳዋ ውስጥ የትም ሳይሄድ የሚራመድ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

## ከዚራ ውስጥ ማንም ስፖርት አይሠራም ነበር

አባዬ ዕድሜውን የፈጀው ሸመንደፈር ውስጥ ነው። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ከተማችን የተቆረቆረችው ባቡሩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 እዚህ ሲደርስ፣ ጣቢያውን ተከትላ ነው። ከዚራም በእግር ለሚሄድ ሰው የተሠራ ሰፈር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። አንዱ ጥላ ለሌላው ጥላ ያቀብልሃል። ቤቱ፣ ሥራው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉም እዚያው ናቸው።

በዚያ ላይ የድሬ ሰዓት አለ። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሥራ አያሠራም። ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይወጣል። ሌላ አገር ያለ ሠራተኛ የቤቱንና የሥራውን መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ ሲቆርጥ የእኛው አራት ጊዜ ይቆርጠዋል። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ መውጣት የግድ ነው። ቤት ውስጥ ማን ይቀመጣል? ይህን ሁሉ ማንም ስፖርት ብሎት አያውቅም። መሄድ ነው፣ በቃ።

ከዚያ ጡረታ መጣ። አሮጌው ሀዲድ ዝም አለ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ሆነ፤ እንግዳ ለመሸኘት እንኳ በእግር አይኬድም። እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬን ወደ እኛ ቤት፣ ወደ ሳቢያን አመጣነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግቢው ንጹሕ ነው። የሚያውቀው ሰው ግን የለም። ባጃጅ በር ላይ ይቆማል። ዳቦ የሚያመጣ ልጅ አለ። የመብራትና የውኃ ክፍያውን እኔ በቴሌብር እጨርሰዋለሁ። ድሮ ለዚያ ክፍያ ተሰልፎ፣ የሰልፉን ወሬ ይዞልን የሚመጣው እሱ ነበር።

## «ማን አሳደደኝ?»

የሩጫውን ወሬ ያመጣችው ልጄ ናት። አምስት ኪሎ ሜትር፣ እሑድ ጠዋት፣ ከነቤተሰብ። ባለቤቴ ገና ሲሰማ ሁላችንንም አስመዘገበ። እሱ ጂም የሚሄድ ሰው ነው። ማለቴ፣ የጂም መታወቂያ ያለው ሰው ነው።

አባዬ ግን «ለምን እሮጣለሁ? ማን አሳደደኝ?» አለ። ሩጫ ለእሱ የአርሲ ሰው ሥራ ነው። ደራርቱ የበቆጂ፣ ቀነኒሳ የበቆጂ፣ ኃይሌ የአሰላ። «እነሱ ደመና ላይ ነው ያደጉት፤ እኛ ቆላ ያለነው የምናውቀው ኳስ ነው» ይላል። እውነት አለው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ከእጥፍ በላይ ከፍ ትላለች። ድሬ የሯጭን ሰውነት የሚያሠለጥነው ስስ አየር የላትም። የእኛ ፈተና ሙቀቱ ነው።

ልጄ ተስፋ አልቆረጠችም። መንገዱን ትዘረዝርለት ጀመር። ከለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ፣ በከዚራ አልፎ፣ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ፣ በመጋላ ሰፈር፣ በቀፊራ ገበያ አድርጎ፣ ዞሮ ለገሃር።

አባዬ ጋዜጣውን አወረደ። «በመጋላ ነው የሚያልፈው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቲሸርቱን ሰፋ ያለ አምጡልኝ።»

ወደ ሐኪሙ ተመልሰን ጠየቅን። መራመድ ከሆነ ችግር የለውም፤ መሮጥ ግን አይሆንም ተባልን። ከሚወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የውኃ ጥም ቶሎ አይሰማም። ሁለቱ ላይ የድሬ ፀሐይ ሲጨመር ሰው ሳያውቀው ይደርቃል። በሙቀት ስንንቀሳቀስ ልብ ሁለት ሥራ ይይዛል፤ ደም ለጡንቻም ያደርሳል፣ ለቆዳም ያደርሳል፤ ቆዳ ላይ የሚወጣው ላብ ሲተን ነው የምንቀዘቅዘው። ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አባዬ ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ «እኔ ከሙቀቱ ጋር ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ተዋውቀናል» አለ። ቢሆንም የውኃ ጠርሙስ ያዘ። ጠዋት ጠዋትም እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቅ ማለት ጀመረ። ልምምድ እንዳንለው ግን አስጠነቀቀን።

ባለቤቴ በበኩሉ ዝግጅቱን የጀመረው ሩጫው ሊደርስ ሲል ነው፤ አዲስ ጫማ በመግዛት።

## ለገሃር፣ አሥራ ሁለት ተኩል

ሩጫው በጠዋት የሚጀመረው ወዶ አይደለም። ሦስት ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ ይቅርታ አታውቅም። አደባባዩ በአንድ ዓይነት ቲሸርት ተሞልቷል። ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። ባለቤቴ ሰውነቱን ያፍታታል፤ ትንሹ ልጄ እሱን እያየ ይኮርጃል።

አባዬ ቲሸርቱን የለበሰው እጀ ረጅም ሸሚዙ ላይ ደርቦ ነው። ሱሪው ተተኩሷል። የቆዳ ጫማው ቀለም ተቀብቷል። ስኒከር ገዝቼለት ነበር፤ «ይሄን አድርጌ ሰው ፊት?» ብሎ አልጋው ሥር ተወው። የተወዳዳሪ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ልሰካለት ስል ተቀበለኝና ራሱ ሰካው። አራቱን ማዕዘን ወጠረ። አንዱ ዝቅ ያለ መሰለው። ነቀለው። በአውራ ጣቱ ለካና እንደገና ሰካው። ዕድሜ ልኩን ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ነው፤ ወረቀትም ቢሆን ጠማማ ሆኖ አያስቀረውም።

ተነሱ ሲባል ባለቤቴና ልጁ ተፈተለኩ። እኔና ሴቷ ልጄ በልካችን ቀጠልን። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው፣ ረጋ ብሎ ተነሳ።

ከዚራ በጥላ አለቀ። የደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ጎኑን ይዞ ብረቱን ተደግፏል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት እያለፍኩ። የሚመልስበት ትንፋሽ አልነበረውም።

ከድልድዩ ሥር ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ሌሊት፣ ከ200 በላይ ሰው ይዞ የሄደው ጎርፍ ያለፈው እዚህ ነው። እኔ እዚያ ድልድይ ላይ ስደርስ ዛሬም ወደ ደንገጎ ተራሮች በኩል ዞር ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ልጄ ያኔ አልተወለደችም። ዝም ብላ ትሮጣለች።

ጨረስን። ልጄ ስለቀደመችኝ ስለ አጨራረሱ ብዙ አላወራም።

## «አቦ ተይኝ፣ ውድድር ላይ ነኝ»

ባለቤቴና ልጁ ገቡ። ውኃ ጠጣን፣ ፎቶ ተነሳን። አባዬ የለም። ነፍሰ ጡሮች ገቡ። ዱላ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። አባዬ የለም። አዘጋጆቹ ድንኳኑን ማፍረስ፣ ድምፅ ማጉያውን መጫን ጀመሩ። ስልኩን ቤት ትቶታል። ፀሐይዋ ደግሞ ወጥታለች።

ባጃጅ ያዝኩ። በእግሩ የሚሄድ ሰው በባጃጅ ፍለጋ።

ሹፌሩ ልጅ ነው። ስነግረው አልተጨነቀም። «ቲሸርት በሸሚዝ ላይ የለበሱት ፋዘር? መጋላ ሻይ ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ» አለኝ።

ከሩጫው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ አገኘሁት። በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው። በሩ ላይ ሁለት ወንበር። አንዱ ላይ አባዬ፣ ቁጥሩ ደረቱ ላይ ቀጥ ብሎ። ሌላው ላይ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ። ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ የሻይ ብርጭቆውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ሁለቱ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ላይ የሠሩ ናቸው። ወሬያቸው ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤ አለቃ ሲያሙ ፈረንሳይኛ ይገባበታል። ያሙት የነበረው አለቃ እኔ ሳልወለድ የሄደ ፈረንሳዊ «ሙሴ» ነው።

«ይቺ ልጄ ናት» አለ አባዬ። «ሮጣ የመጣችው።»

«አባትሽ ድሮም ባቡር ያስዘገይ ነበር» አሉኝ ሽማግሌው።

ባለቤታቸው ከውስጥ ሻይ ይዘውልኝ ወጡ። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» አሉ። «ከታመመ ወዲህ ሰው የሚሰበሰበው ለቅሶ ሲኖር ነው። ዛሬ ሲስቅ ሰማሁት።» ከእኛ ቤት እስከዚህ በባጃጅ ምንም አይደለም። አባዬ ግን ጓደኛው መታመሙን ሰምቶ ነበር እንጂ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየውም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ባጃጅ የሚያዘው ጉዳይ ላለው ሰው ነው። ወዳጅን ማየት ጉዳይ አይባልም። ጓደኛ የሚገኘው በመንገድ ላይ፣ ሌላ ቦታ ስትሄድ ነው።

«በል አባዬ፣ ባጃጁ ቆሟል፤ እንሂድ» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተነሳ። ቁጥሩን በእጁ ዳበስ አደረገና፣ «አቦ ተይኝ፣ ውድድር ላይ ነኝ» አለኝ።

ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት። በእሱ ቤት ውድድሩ አልቆመም። ሻዩም ውስጡ ነበር፣ ሐሜቱም ውስጡ ነበር። ከለገሃር ወደ ለገሃር የሚሄድ ሰው ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ እያየ ይሄዳል። እኔ ከለገሃር ወደ ለገሃር ሮጬ ያየሁት የፊቴን ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ሹፌሩን ከፍዬ ለቀቅኩትና አብሬው ሄድኩ።

ሙሉ መንገዱን ሰላም ነው። ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ላይ ቀና ይላል፦ «አሰላሙ አለይኩም!» ወተት የምትሸጠዋ «ነበድ» ትላለች። ከወዲያ ማዶ «አካም ቡልተን?» ይመጣል። እያንዳንዱ ሰላምታ ላይ ቆም ይላል። ማን ጅቡቲ እንደሄደ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንዳገባች ይሰማል። ከዚያ ይቀጥላል። ቀፊራ በር ጋ፣ ቅስቱ ጥላ ሥር፣ ጠርሙሱን አውጥቶ ውኃ ጠጣ። ደህና መሆኑን ለማየት ፊቱን አያለሁ። ላቡ ይወጣል፣ ወሬውም አልተቋረጠም። መጠነኛ የሚባለውን እንቅስቃሴ ባለሙያዎች የሚለኩት እንዲህ ነው፤ ማውራት ከቻልክና መዝፈን ካቃተህ ልክ ነህ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድሮ ቢያንስ አሥር አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር። በ2020 እንደ ፈረንጆች ባወጣው መመሪያ ግን ያ ቀርቷል፤ አጭሩም ይቆጠራል። እየቆመ ሰላም የሚል ሰው ጉዞ ዋጋ አለው ማለት ነው። አባዬ ይህን ብነግረው «ሳይቆጥሩልኝ የኖርኩትን አሁን ነው የሚቆጥሩልኝ?» ይለኛል።

ለገሃር ስንደርስ የመጨረሻው መስመር ተነቅሏል። አንድ ልጅ ብቻ ባዶ ጠርሙስ ይለቅማል። አባዬን ሲያይ አጨበጨበና ከካርቶን ውስጥ ሜዳሊያ አወጣለት።

«ሰዓቴ ስንት ነው?» አለው አባዬ።

«ፋዘር፣ ሰዓቱን ጭነነዋል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በላቸው» ብሎት ሜዳሊያውን ኪሱ ከተተ።

## ወንበር

የእኛ ሰው ታላቅን የሚያከብረው በወንበር ነው። ሽማግሌ ሲገባ ይነሱለታል። «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ይሉታል። ውኃ ከፈለገ ልጅ ይላካል፣ ዳቦ ከፈለገ ልጅ ይላካል። ይህ ደስ የሚል ባህል ነው፤ ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። ግን ሲደማመር ሽማግሌው ከቤት የሚወጣበት ምክንያት አንድ በአንድ ያልቃል። ሁሉም በፍቅር የተወሰደ ስለሆነ መልሱልኝ ማለትም ያሳፍራል። ከዚያ ሐኪም ቤት ሄዶ «ተራመድ» ይባላል። የት ልሂድ ቢል ምን ይገርማል?

እኔም «ሰፈሩን ዙር» ማለቴን ተውኩ። ዳቦ የሚያመጣውን ልጅ ለሌላ ሥራ ላክነው። ዳቦውን አባዬ ይገዛል። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት አዝኖ አይቶናል፤ ሽማግሌውን ዳቦ የሚልኩ ልጆች! አባዬ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕና ቅዳሜ ቅዳሜ መጋላ ይሄዳል። ከሳቢያን መጋላ ሩቅ ስለሆነ እስከ ከዚራ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሩ። የሚሄደው ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ የጫት ሰዓት ነው፣ እሱ ደግሞ አይቅምም። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል።

ባለቤቴ በዚህ አይስማማም። «ይሄ ጉብኝት ነው እንጂ ስፖርት አይደለም» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው መራመድ ብቻውን አይበቃም፤ እንዳይወድቅ ሚዛን የሚጠብቅበትና ጡንቻ የሚያጠነክርበት እንቅስቃሴም በሳምንት ሦስት ቀን ይመከራል። ስለዚህ ትንሹ ልጄ አያቱን በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር ያስነሳዋል፣ ያስቀምጠዋል። አባዬ የሚታዘዘው እሱን ብቻ ነው። እየተሳደበ ይሠራል።

ግፊቱስ ወረደ ወይ የሚል ይኖራል። ኪኒኑ አልተቀነሰለትም፣ አላቋረጠምም። ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብሏል። ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ማታ ደክሞኛል እላለሁ። ምን እንዳደከመኝ እኔም አላውቅም። የአባዬ ጥያቄ ወደ እኔ ዞሮ፣ እኔስ የት ልሂድ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከከዚራ ተነስቼ በእግሬ ቀፊራ መሄድ ጀመርኩ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመግዛት። ስሄድ ደስ ይላል። ስመለስ ሽንኩርቱ ትከሻዬን ይቆርጠዋል፣ ባጃጅ እይዛለሁ።

አባዬ አንድ ቀን ዘንቢሉን ከፍቶ አየና በስንት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱን አጨማደደ። «አንቺ መከራከር አታውቂም። ከመጋላ ስመለስ አብረን እንገባለን» አለኝ። ገባን። ከሻጯ ጋር በኦሮምኛ ተከራከረ፤ እናቷን ያውቃታል፣ አባቷንም ያውቀዋል። ጥቂት ብር አስቀነሰልኝ። እሱ የዘመድ ጤና ሲጠይቅ እኔ ዘንቢል ይዤ ቆሜ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። የተረፈችኝን ብር ለባጃጁ ከፈልኳት።